ኮምፒውተሬን ውሃ ሳጠጣ

እውነቱን ከመጀመሪያው ተናግሬ ልገላገል፤ ኮምፒውተሬ ውሃ አያስፈልገውም ነበር። ሥራዬ ሙቀት እንደሚያበዛ አልክድም። አርክቴክቶች የሚሰጡኝን ንድፍ ወደ ምስልና ወደ አጭር ቪዲዮ እቀይራለሁ። ደንበኛው መሠረቱ እንኳ ባልተቆፈረ ፎቅ ላይ የማታ ፀሐይ ስታርፍ ማየት ይፈልጋል፤ ያንን ለማሳየት ማሽኔ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል። ያም ሆኖ አንድ ደህና የአየር ማቀዝቀዣ ብገዛለት ይበቃው ነበር። ውሃ የፈለግሁት ስላማረኝ ነው። ጥርት ባለ ቱቦ ውስጥ ባለ ቀለም ፈሳሽ ሲዞር በቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸፍታል። ለባለቤቴ «ለሥራ ነው» አልኳት። ዝም አለችኝ። የእሷን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ብሎክ ይቀመጣል፤ በብሎኩ ውስጥ እንደ ፀጉር በቀጠኑ መስመሮች ውሃ ያልፋል፤ ሙቀቱን ይዞ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ እዚያ ፋን ይነፋበታል፤ ከዚያ በማጠራቀሚያውና በፓምፑ በኩል ተመልሶ ይመጣል። ከመኪና የተለየ ምንም ነገር የለውም። የተለየው ዋጋው ነው። ብሎኩ ለብቻው፣ ፓምፑ ለብቻው፣ ራዲያተሩ ለብቻው ይሸጣል። ሰው የማይገምተው ደግሞ ፊቲንጉን ነው፤ ቱቦውን ከዕቃው ጋር የምታያይዘዋ ቁራጭ ብረት አንዷ ስትታይ ርካሽ ናት፤ ስትደመር ግን ጉድ ታፈላለች።

ዕቅዱን ስጽፍ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተወሰነ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። ወረቀቱ ላይ ያለው ዝርዝር ሳይነካ ሒሳቡ በእጥፍ ሊያድግ ምንም አልቀረው። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ይሠራል፤ «አታስብ፣ ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ» አለኝ። ሰው ሲመጣ ማለት ከማያውቁት ሰው ሻንጣ ውስጥ ቦታ መለመን ማለት ነው። ብሎክና ፊቲንግ በካልሲ ተጠቅልለው ይመጣሉ፤ ራዲያተር ግን ሻንጣ አይወድም። ስለዚህ ዝርዝሩን ለሁለት ከፈልኩት። እዚህ የማይገኘው ከዱባይ፣ የቀረው ከመርካቶ።

መርካቶ ማለቴ ለቀልድ አይደለም። ለኮምፒውተር ተብሎ የተሠራ ራዲያተር ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ የጀመሩት ልጆች ራዲያተር የሚገዙት ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበር። የሚፈልጉት ትልቁን ሳይሆን የመኪናውን ውስጥ የምታሞቀውን ትንሿን የሂተር ራዲያተር ነው። የ1977 ሞዴል ፖንቲያክ ቦንቪል ሂተር በመካከላቸው ዝነኛ ሆና ነበር። እኔ ቦንቪል ከየት አመጣለሁ? ያረጀ ቶዮታ ግን ከአዲስ አበባ የበለጠ የት ይገኛል?

መርካቶ ሶማሌ ተራ የማይገኝ የመኪና አካል የለም ይባላል፤ የማይገኘው ማለፊያ መንገድ ነው። ራዲያተር የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዘንድ መሩኝ። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ።

«ኮምፒውተር ሞተር አለው እንዴ ልጄ?»

«የለውም ጋሼ። ግን ይሞቃል።»

«ምን ያህል?»

ዋቱን ነገርኳቸው። የእኔ ራይዘን 9 3900ኤክስ ወረቀቱ ላይ 105 ዋት ቢልም ሲጨነቅ እስከ 142 ዋት ይወስዳል። ዋት አልገባቸውም። «አንድ ትልቅ የድሮ አምፖልና ግማሽ» ብዬ አስረዳኋቸው። ሳቁ። «ለዚህ ነው ራዲያተር የምትፈልገው?» አሉኝ። ባለቤቴ ያላለችኝን እርሳቸው አሉት።

ከክምሩ ውስጥ የሂተር ራዲያተሮች አወጡና አንድ በአንድ ጠርዛቸውን በሞረድ ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ነጭ ሆኖ ያብለጨለጨውን ወደ ጎን ወረወሩት። ቢጫ የወጣውን አስቀሩት። «ነጩ አሉሚኒየም ነው፤ ስታኞ አይዘውም። ቢጫው ናስ ነው፤ ሲቀደድ ይጠገናል።» ለእርሳቸው ጉዳዩ የመጠገን ያለመጠገን ነበር። ለእኔ ግን ከዚያም ይበልጣል። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የተበላው ነገር ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይሄድና እነዚያን ቀጫጭን የብሎክ መስመሮች ይደፍናል። ውሃው እየዞረ ፕሮሰሰሩ ይነዳል። በበይነመረብ ገበያ ላይ ዋጋቸው የሚያጓጓ ራዲያተሮች አብዛኞቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ ሻጩ ደግሞ ይህንን በትልቅ ፊደል አይጽፍም። ከዱባዩ ዝርዝሬ ላይ አሉሚኒየም ያለበትን አንድ ዕቃ እዚያው ቆሜ ሰረዝኩት።

ቀጥሎ ያደረጉትን ማየት ለብቻው ትምህርት ነው። የሂተሯን አንዱን አፍ በጎማ ደፈኑት፤ በሌላው የኮምፕሬሰር አየር ሰደዱበትና ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ ነከሯት። ከአንዱ ጥግ ቀጭን የአረፋ ሰንሰለት ወጣ። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ነው። አወጧት፣ አደረቋት፣ አሲድ ቀቧት፣ እሳት አስጠጉና ስታኞውን አንዴ ነካ አደረጉት፤ ቀልጦ እንደ ውሃ ሮጠና ስንጥቁን ሞላው። መልሰው ነከሯት። ዝም አለች። ያረጁትን አፎች ቆርጠው በምትካቸው ለ13 ሚሊሜትር ቱቦ የሚሆኑ የናስ አፎች በየዱልኝ። በዚህ አንድ ሥራ ብቻ ከዱባይ ላስመጣቸው ከነበሩት ፊቲንጎች ሁለቱ ቀሩልኝ።

ሒሳብ እየከፈልኩ ሳለ ጠየቁኝ፤ «ፋኑ ምን ያህል ነው?» ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ሁሉ ስለ ውሃው ያወራል። ውሃ አያበርድም። ውሃ ተሸካሚ ነው፤ ዕቃውን ከመጋዘን አውጥቶ በር ላይ ያደርሳል። ከበሩ ላይ የሚያነሳው ነፋስ ነው። ነፋሱ ከሌለ ዕቃው እዚያው ይከመራል።»

ያንን ሁሉ ቪዲዮ ሳይ ይህን ያልሰማሁት ስላልተባለ አይደለም። ተብሏል፤ እኔ ቀለሙን እያየሁ ነበር።

ቤት ስገባ ወረቀት አውጥቼ ሒሳብ ሠራሁ። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,200 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ቢያልፍ እንኳ 142 ዋት ውሃውን በሁለት ዲግሪ ነው የሚያሞቀው። በደቂቃ ሦስት ሊትር ቢሆን ከአንድ ዲግሪ በታች። ስለዚህ ፓምፑ ጉልበተኛ መሆን አያስፈልገውም። ውሃ በመሸከም በኩል የሚያንሰው ነገር የለም፤ ጭንቀቱ በሩ ላይ ነው።

በሩ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጠባብ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው አየር በመጠን ያው ቢሆንም በክብደት ወደ ሩብ ይጎድለዋል፤ ሙቀት የሚወስደው ክብደቱ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የተለካ ማቀዝቀዣ ላይ የተጻፈው ቁጥር እዚህ ሲመጣ እንዳለ አይሠራም፤ የውሃም ይሁን የአየር ለውጥ የለውም፣ ምክንያቱም የሁለቱም መጨረሻ ነፋስ ነው። የሚክሰን የቤታችን ቅዝቃዜ ነው። ለአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው «እኛ ጋ አየሩ ወፍራም ነው፤ በበጋ ግን 40 ዲግሪ ያልፋል፤ እንለዋወጥ?» አለኝ። ደግሞም ቮልስ ውሃ የሚባል ነገር ሳታውቅ፣ በነፋስ ብቻ እየበረደች፣ የዚህን ከተማ ዳገት ስትወጣ ኖራለች። ቮልስ ያላት ዘዴ ትልቅ ፋንና ብዙ የብረት ክንፍ ነው።

ከዚያ ሒሳብ በኋላ የገንዘቤን አቅጣጫ ቀየርኩት። ግራፊክስ ካርዱን ከውሃው ዝርዝር አወጣሁት፤ የግራፊክስ ካርድ ብሎክ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ካርዱ ሲቀየር አብሮ ይጣላል። ለድሃ የማይሆን ግዢ ነው። መብራቱን ተውኩት። ጥርት ያለውን ቱቦም ተውኩት፣ ይህኛው ትንሽ አመመኝ። ርካሹ ጥርት ያለ ፕላስቲክ እያደር ይደፈርሳል፤ ከውስጡ የሚወጣው ማለስለሻ ደግሞ ብሎኩ ውስጥ ሄዶ ይጋገራል። ለመኪና ሂተር የሚሆነው ጥቁር ጎማ ይህ ችግር የለበትም፤ ሶማሌ ተራ በሜትር ይሸጣል። አስቀያሚ ነው። ገዛሁት።

የተረፈውን ያፈሰስኩት ፓምፕ፣ ፊቲንግና ፋን ላይ ነው። ፓምፑ ዲ5 የሚባለው ዓይነት ነው፣ ያገለገለ። እንዲህ ያለው ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በሚያሳልፈው ውሃ ስለሆነ ደርቆ ከዞረ ይበላሻል፤ መጀመሪያ ማጠራቀሚያው ይሞላል፣ ማጠራቀሚያውም ከፓምፑ በላይ ይሆናል። የፍጥነት ሽቦውን ማዘርቦርዱ ላይ የፕሮሰሰሩ ፋን የሚሰካበት ቦታ ሰካሁት፤ ፓምፑ ካልዞረ ማዘርቦርዱ እንዲጮህ። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሰው አጋጥሞኛል። ምንም አይሆንም፤ የሚያሞቀውም የሚያዞረውም አብረው ይጠፋሉ።

ዋናው ፍርሃት መፍሰስ ነው፤ መፍራትም ይገባል። አፕል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ፓወር ማክ ጂ5 ከዓመታት በኋላ ፈሳሹን እያንጠባጠበ የብዙ ሰው ማሽን አበላሽቷል። ስለዚህ ለማዘርቦርዱ ኃይል ሳልሰጥ ፓምፑን ለብቻው አስነሳሁት። የፓወር ሰፕላዩ ትልቁ ሶኬት ላይ አረንጓዴው ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በቁራጭ ሽቦ ሲገናኝ ሰፕላዩ ያለ ማዘርቦርድ ይነሳል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ነጭ ሶፍት አነጠፍኩና ሌሊቱን እንዲዞር ተውኩት። ጠዋት ሁሉም ሶፍት ደረቅ ነበር፤ ከአንዱ በስተቀር። ብሎኩ ላይ ካሉት ፊቲንጎች በአንደኛው ሥር የሽምብራ ፍሬ የምታህል እርጥብ ነጥብ አለች። ፈትቼ ሳየው ጎሚኒዋ፣ ውሃ እንዳያልፍ የምትይዘው የጎማ ቀለበት፣ ስትጠብቅ ታጥፋ ተነክሳለች። በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የረከሰችው ዕቃ እሷ ናት፤ ማዘርቦርዱንም፣ ካርዱንም፣ ያልተረከበ የደንበኛ ሥራንም ይዛ የምትሄደው እሷው ናት። ያልጠበቀ ከመሰላችሁ ፒንሳ አታንሱ፤ ፊቲንግ በእጅ ነው የሚጠብቀው፣ ሲበዛበት ጎሚኒው ይቆረጣል።

ስለ ውሃው ከአዛውንቱ ጋር አልተስማማንም። «የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ አዲስ አበባ በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ይሠራል?» ብለውኝ ነበር። ኩላንት መርጋትን ብቻ ሳይሆን ዝገትንም ይከላከላል፤ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ማዕድኑን ይዞ ይመጣና ውስጡ ይጋገራል። ዝገው ወደ እርሳቸው የሚመጡት ራዲያተሮች ግማሾቹ በዚሁ ምክር የተበላሹ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ለራሴ ሳቅሁ፤ ለእርሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። ያደረግሁት ነዳጅ ማደያ ሄዶ ማዕድን የሌለውን የባትሪ ውሃ መግዛትና ጥቂት ኩላንት መቀላቀል ነው። የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ አንድ መደርደሪያ ላይ ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ ይቆማሉ። ልጁ መጀመሪያ ያቀበለኝ አሲዱን ነበር። ኩላንትም መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃን ያለበት ቤት እንደ ዘይት ጠርሙስ ወለል ላይ አይተውም።

ሂተሯ ኬዙ ውስጥ አልገባችም። አናጢ የእንጨት ማቆሚያ ሠራላትና ከጠረጴዛው ጎን ቆመች፤ ሁለት ጥቁር ጎማ ከኬዙ ኋላ ወጥቶ ይገባባታል። አንድ ጓደኛዬ ቤቴ መጥቶ ሲያያት «ጄነሬተር ገዛህ እንዴ?» አለኝ። በቪዲዮ ካየሁት ውበት አንዱም የላትም።

ውጤቱስ? ድሮ ሬንደር፣ ማለትም ያ ምስል የማውጣት ሥራ፣ ሲጀምር ፕሮሰሰሩ ከ80 ዲግሪ በላይ ይሄድ ነበር፤ አሁን 70 አካባቢ ይቆማል። ከዚያም በታች ይወርዳል ብዬ ነበር። ግን በዚህ ፕሮሰሰር ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ቁራጮች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ስፋት 74 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ያ ሁሉ ሙቀት ከዚያች ጠባብ ቦታ ወጥቶ ብሎኩ ጋ እስኪደርስ ድረስ ውሃው ምንም ሊረዳው አይችልም። የሥራው ፍጥነት ላይ ያመጣው ለውጥ ለደንበኛ የሚነገር አይደለም። ፋኖቹ ግን ትልልቅና ዝግ ያሉ ስለሆኑ ድምፃቸው አይሰማም። የምንተኛበትና የምሠራበት ክፍል አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ በሬንደር ሌሊት ትራስ ጆሮዋ ላይ አትጭንም። «ለሥራ ነው» ያልኩት ለእንቅልፍ ሆኖ ተገኘ፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ፣ በመጀመሪያ ያማረኝ ምን እንደነበርም ጭምር። «አውቃለሁ» ነው ያለችው።

ወጪውን በኋላ ደመርኩት፤ ታክሲውንም አናጢውንም አስገብቼ። ቴርማልራይት የሚያወጣው ፒርለስ አሳሲን 120 የተባለ ባለ ሁለት ማማ የአየር ማቀዝቀዣ ውጭ አገር ከ35 እስከ 40 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከሻንጣ ኪራዩ ጋር እንኳ የእኔ «ርካሽ» ውሃ ከእሱ በእጥፍ ይበልጣል። ሙቀቱን ቢያወዳድሩት በመካከላቸው ያለው ልዩነት ያንን ገንዘብ አያክልም። ጥገናውም አለ፤ ውሃው በየዓመቱ ገደማ ይቀየራል፣ ብሎኩ ይከፈታል፣ ይጸዳል። የአየሩ ግን አቧራውን በብሩሽ ማራገፍ ነው፣ አለቀ።

ስለዚህ አንድ ወጣት መጥቶ «እኔም ልሥራ?» ቢለኝ የምጠይቀው ለምን እንደሆነ ነው። ለፍጥነት ከሆነ፣ ገንዘቡን ራም ላይ አውለው እለዋለሁ። እንዲሁ አምሮት ከሆነ አልከለክለውም፤ አምሮት ነውር አይደለም፣ ሌላ ስም ካልሰጡት። ብቻ መዳቡን ከአሉሚኒየም አትቀላቅል፤ ከጎሚኒና ከፊቲንግ ላይ ሳንቲም አታትርፍ፤ ማዘርቦርዱን ከማብራትህ በፊት ሌሊቱን ሶፍት አንጥፍ፤ የባትሪ ውሃ ስትገዛም የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብብ። ጸጥታን ፈልጎ ገንዘብ ያነሰው ሰው ግን አየር ይግዛ፤ ባለ ትልቅ ፋኑን።